የእሱ ድርሻ

ሰኞ ጠዋት መጣች፣ በረዶ ከትከሻዋ እያራገፈች፣
የማርማላታ ብልቃጥ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።
«ቁጠር» አለች። ቆጠርኩ። አርባ ሦስት ላይ ጠፋብኝ፤
ምስር የሚያካክሉ፣ ከምስርም ያነሱ፣ ሲርመሰመሱ ዓይኔን ወሰዱብኝ።
እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤
እነዚህ እግር የላቸውም፣ በሆዳቸው ሁሉ ቦታ ይደርሳሉ።

«ከየት መጡ?» አልኳት። «ካንተው ሱቅ» አለችኝ፤
«በመስከረም በሸጥክልኝ ሣር ላይ» ብላ አሳፈረችኝ።
እውነቷን ነው። ቅጠል ሳጥብ እቸኩላለሁ፤
የንፍጥ ጠብታ የመሰለ እንቁላል ስንቱን ሳላይ አልፌአለሁ።

ሊቡሼን ብርኖ ውስጥ የማያውቃት የለም፣ ቢያንስ በኛ ሰፈር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ነድታለች፣ በዚያው በአንዱ መስመር፤
ደወሏን ሰምተን ሰዓታችንን እናስተካክል ነበር።
ገንዳው የባሏ ነው። ኦታካር ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ፤
ከነዓሣው፣ ከነአሸዋው፣ ለሷ ቀረ ያ ሁሉ ሀብቱ።

«መርዝ አልፈልግም» አለች። «እኔም አልሸጥም» አልኩ፤
«እሾህን በእሾህ ነው» ብዬ መረቤን ሰደድኩ።
ከታችኛው ገንዳ አምስት ለቅሜ አወጣሁላት፣
ቢጫና ቡኒ ሸንተረር፣ ንብ የመሰሉ፣ የሕፃን ጣት
የሚያካክሉ። «እነዚህ ናቸው ነፍሰ ገዳዮቹ?»
«እነሱ ናቸው።»
«ያምራሉ» አለች።

ወጉን ነገርኳት። ቀን አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ፣
ኩምቢያቸውን ብቻ ወደ ውሃው ቀና አድርገው ያሸታሉ።
ሲመሽ ይነሣሉ። አይሮጡም። ለምን ይሮጣሉ?
ታዳኙ ቀርፋፋ፣ አዳኙ ቀርፋፋ፤ ይደራረሳሉ።
እንደ ናፈቀ ዘመድ ያቅፉታል፣ አፋቸውን በደጁ ይልካሉ፤
ባለቤቱን በልተው ቤቱን ይተዋሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ደወለች። «ባትሪ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤
ጩኸት የለም» አለች። «ደምም የለም። ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

በአምስተኛው ሳምንት ዛጎሎቹን በዚያው ብልቃጥ ይዛ መጣች፣
አጥባቸው፣ እንደ ጥሬ ሩዝ እያንሿሿቻቸው፤ «አያልቁም» አለች፤
«ይበላሉ፣ ይበላሉ፤ ያልተበላው ደግሞ ይበዛል፤
ጠዋት መብራቱን ሳበራ መስታወቱ በሙሉ ይጓዛል።»

ያኔ ነው የጠየቅኳት፣ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የሚገባኝን፣
ማንንም ጎረምሳ ገዢ ከዋጋ በፊት የምጠይቀውን፦
«በቀን ስንት ጊዜ ያበሏቸዋል?»

ብልቃጡን አዞረችው። የጠበቀ ክዳኑን አጠበቀች።
«ሁለቴ። ጠዋት የኔን» አለችና ዝም አለች።
«ማታ በአሥራ ሁለት ደግሞ፣ እሱ ያበላበት በነበረው ሰዓት፣
የሱን። ዓሣ መርዶ አይገባውም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል ለእራት።»

ዓሣ ሲጠግብ ይተወዋል፤ የተተወው እታች ይወርዳል፤
ቀንድ አውጣ በትራፊ ነው የሚራባው፣ አንዱ መቶ ይወልዳል።
ይህን መናገር ሙያዬ ነው። «የማታውን ይተዉት» ማለት ነበረብኝ፤
ምላሴ ግን ቀንዷን እንደ ነኩባት ወደ ቤቷ ገባችብኝ።

«አውቃለሁ» አለች እሷ። «አሁን እስኪ ይህን ንገረኝ፦
ሁሉም አልቀው ዛጎል ብቻ ሲቀር፣ ገዳዮቹስ?» አለችኝ።
«ይራባሉ» አልኩ። «የቀዘቀዘ ትል የሚጥልላቸው ሰው ከሌለ።»
«ከአሸዋው የሚወጡት ስንት ሰዓት ላይ ነው?»
«ሲመሽ። ወደ አሥራ ሁለት…»
አፌ ላይ ቀረ።

ቦርሳዋን ከፈተች። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ደረደረች።
«ትሉን ስጠኝ» አለች።
ውጭ ትራም ደወለ። ሰዓቷን አየች፤
«ሁለት ደቂቃ ዘግይቷል» አለች።