ከሽቦው ሥር

ወንዝ ይሉታል እንጂ ምንጭ አልወለደውም፣
ዝናብ አላጠባውም፣ ተራራ አያውቀውም፤
በኡም አል ቀይወይን፣ ከጀልባ ጓሮ ኋላ፣
ጨው ጠጥቶ በሚያድግ የማንግሮቭ ጥላ፣
በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ይጎድላል፤
ሰዉ «ኸውር» ይለዋል፣ ኸልፋን «መዳፌ» ይላል።

እኔ ቀለም ቀቢ፣ የጀልባ ሆድ ፋቂ፣
የዝዋይ ደሴት ልጅ፣ ደንገል ብቻ አዋቂ።
«ና ውጣ» አለኝ ዓርብ ለት፣ ሸራዋን ሰቅሎ፣
በሰባ ሁለት ዓመቱ እንደ ልጅ ቸኩሎ፤
«ዛሬ ውሃው ሙሉ ነው፣ ደለል አይነካንም፣
እዚህ ነው ያደግሁት፣ መንገድ አይጠፋንም።»

ገባን።
ቅርንጫፍ በግራ፣ ቅርንጫፍ በቀኝ፣
ነፋሱ በማንኪያ እየደረሰኝ፣
ዓይኔ ታች ታቹን ጉማሬ ፍለጋ።
(አባቴ ነው እንዲህ ያሳደገኝ፦
«ሞት ከሥር ይመጣል፤ ዓይንህ ከውሃው አይውጣ፣
ጀልባ ላይ አታዘንብል፤ ያዘነበለ አልመጣ።»)

ጉማሬ የለም።
አንድ ግመል ብቻ፣ እስከ ጉልበቱ ሰጥሞ፣
ቅጠል ይግጣል እንደ ሹም መሃል መንገድ ቆሞ፤
አልለቅም አለን። በጎኑ አለፍነው፣
ከንፈሩ ላይ ጨዉ ሲያበራ አየነው።

ከዚያ ነው የሰማሁት፤
እንደ ቀፎ ያለ፣ ዝምምም የሚል ነገር።
ከውሃው አይደለም።
ቀና አልሁ፤
ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር የሰነጠቀ ሽቦ፣
ለአዲሶቹ ቪላዎች መብራት የሚያሻግር፣
ኸልፋን ልጅ እያለ ያልነበረ ነገር።

ከደለሉ ያዳነን ያው የውሃ ሙላት
ወደ ሽቦው አነሣን።
ምሰሶዋ ብረት ናት፣ በክንድ ትረዝማለች፤
መልሕቅ ጣልን፤ ጭቃው ላይ ሸርተት ትላለች።

«ስንት ትመዝናለህ?» አለኝ።

በዚህ አገር ብዙ ተጠይቄያለሁ፤
የኢቃማ ቁጥር፣ ሃይማኖት፣ የአሠሪ ስልክ።
ክብደቴን የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።
«ስልሳ ስምንት» አልሁ።
«ይበቃል፣ ኢንሻላህ።»

የሸራውን አግዳሚ ወደ ውጭ ገፋው፣
እኔንም ጫፉ ላይ እንደ ብልት ሰቀለው።
እግሬ ውሃ ነካ። አባቴ፣ ይቅር በለኝ፤
አዘነበልሁ፣ ባለኝ ክብደት ሁሉ አዘነበልሁ፤
ምሰሶዋም ጎንበስ አለች፣
በአጭር በር ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ዘመድ፣
ስንዝር ሲቀራት
አለፈች።
ዝምምታው ጥርሴ ውስጥ ቀረ።

ከወዲያ ማዶ ውሃው መጉደል ጀምሯል፤
መመለሻችንም በዚያው ነው።
ኸልፋን መሪውን ለቆ
መዳፉን ገልጦ አየ፣ አገላብጦ አየ፣
አዲስ መስመር እንደሚፈልግ ሰው።