አንድ ሰዓት

ሃያ ዓመት በፋሲል ግቢ፣ ፈረንጅ ስመራ ኖሬ፣
ዘንድሮ ከአዘዞ ተነሣሁ፣ የአባቴን ሰዓት አስሬ፤
ባሕር አፍ ላይ ከቆመች፣ የእንጨት ከተማ ገባሁ፤
ሕዝቧ ከሠፈሬ ያንሳል፣ አላጋነንሁ።

ቶርዲስ፣ ያኔ ከእንቁላል ግንብ ሥር ጫማዋን ያሰፋሁላት፣
አሁን መሪነቱ የእሷ ሆነ፤ እኔ ኋላ ኋላ ስከተላት፣
«ይህ የዓሣ ማድረቂያ፣ ያ ደወል ቤት» እያለች፣
አንዱን ቀልድ ሁለቴ ደገመች።
ሳቅሁላት።
ለእኔስ ስንቱ ሳይገባው ስቆ ይሆን!

ማታ መጋረጃ ጋርዳ «ደህና እደር» ብትለኝ፣
ፀሐይዋ መስኮቱ ጥግ ቆማ አላሳድር አለችኝ።
ሰዓቴ ከሌሊቱ ሰባት ይላል፤
ካልመሸ፣ አንዱ ከየት ተቆጥሮ ሰባት ይሞላል?

ማራኪ ስገባ መብራት ጠፍቷል፤
ጎረቤት ያማርራል።
እኔ ብቻ «እሰይ፣ አንድ ሰዓት!» ብዬ
ተኛሁ፣ ሻንጣዬን ደፍ ላይ ጥዬ።