ትንፋሽ ያዝ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፒያሳ ላይ ቤቴ፣
«ትንፋሽ ያዝ፣ ጋሼ፤ ትንፋሽ ያዢ፣ እቴቴ።»
ሙሽራና ሚዜ፣ ተማሪ፣ ወታደር፣
አንድም ሰው ሳይተነፍስ በፊቴ ሲደረደር፣
ስንቱን ሰው አፍኜ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁ፣
ብርድ የሚሉት ፈራጅ መኖሩን ረሳሁ።

ቧሂት ላይ፣ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣
ሣሩ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል ስንረግጥበት።
አዛናው ስካውቱ፣ ጠመንጃውን ታቅፎ፣
በኮንጎ ጫማው ይሄዳል ከፊት ከፊቴ አልፎ።
እኔ ሁለት ካልሲ፣ የወንድሜ ካፖርት፣
ጣቴ ግን የሰው ዕቃ፣ የተዋስሁት ዓይነት።

የመጣሁት ለጅባራው ነው።
አንዴ ብቻ አብቦ ለሚሞተው ጅባራ፣
ውርጩን እንደ ካባ ደርቦ፣ ፀሐይ ስትነካው ሲያበራ፣
ያቺን አንዲት ደቂቃ ልይዝ።

ባለ ሦስት እግሩን ተከልሁ፤ ብረቱ ቆዳዬን ነከሰ፣
ጓንት ሳወልቅ ጣቴ ሞተ፣ ሳጠልቅ ቁልፉ ተድበሰበሰ።
ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብል ትንፋሼ ሄዶ ለጠፈ፣
በጨርቅ ሳልደርስበት በረዶ ሆኖ ዐረፈ።
ባትሪው ትናንት ማታ ሙሉ ነበር፣ እምላለሁ፤
«ሙሉ» አለኝ፤ «ግማሽ» አለኝ፤ አጠፋሁት፤ አበራሁ፤
ቀይ።
ከዚያ ምንም።

«ምነው?» አለ አዛናው።
«በረደው» አልሁ፣ እያፈርሁ።
«ታዲያ አታሞቀውም? ወዲህ በል» ብሎ
ብብቱ ውስጥ ከተተው፣ ጋቢውን ደረበበት፣
አዲስ የተወለደ ግልገል እንዳቀፈ ሰው ቆመ።
«የኛ ብርድ ችኩል አይወድም።»

ቆምን። ከገደሉ ሥር ጭላዳ አጉረመረመ።
ከራስ ደጀን ጀርባ ፀሐይ አንድ ጣት ብቅ አለች፤
ጅባራው ነደደ።
ባትሪውን መለሰልኝ፤ ትኩስ፣ ላብ ላብ የሚል፣
እንደ ተቀቀለ እንቁላል።
የአንድ ፎቶ ዕድሜ አለው፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ አንድ።

ጅባራውን አየሁ። እሱን አየሁ።
«ለመሆኑ ፎቶ ተነሥተህ ታውቃለህ?»
«ለመታወቂያ» አለ፤ «ያውም አንድ ጆሮዬን ቆርጠውት።»
ካሜራውን አዞርሁ።
ሠላሳ ዓመት የለመደ አፌ «ትንፋሽ ያዝ!» አለ።
«በዚህ ብርድ?» ብሎ ሳቀ፤
ያኔ ተጫንሁት።

ዛሬ ፒያሳ፣ መስኮቴ ላይ፣ ከሙሽሮቹ መሐል
አንድ ፎቶ አለ፤ ያየው ሁሉ «ተበላሽቷል» ይላል።
ጋቢ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ፣
ፊቱ መሆን በነበረበት ቦታ የሳቁ እንፋሎት፣
ፀሐይ ገብታበት ነጭ ሆኖ ቀርቶ።
ጆሮዎቹ ግን
ሁለቱም አሉ።