ኮከብ ቆጣሪ

በሩ ላይ ነበርሁ እኔ፣ ከሰዓቱ ጎን፣
ጌንት፣ ጥጥ ፋብሪካ፣ ሃያ ስድስት ዘመን።
ከወንዙ ጭጋግ ውስጥ ሠራተኛው ሲገባ
ካርዱን ያጎርሳታል ለዚያች ብረት ሌባ፤
ቀጭ! ትላለች ነክሳ። ከሰዓት ያለፈው
በቀይ ይታተማል፤ እኔ ነኝ የምለቅመው።
ቫሌር የሚለውን ስሜን ማን ጠርቶልኝ፣
"ደቂቃ ቆጣሪው" ነበረ የሚሉኝ።

አንድ ቀን፣ በየካቲት፣ ሉትጋርድ ዘገየች፤
ጸጉሯን ሳታበጥር እየሮጠች መጣች።
አራት ደቂቃ ነው።
"ልጄን አተኩሶት…" ብላ ሳትጨርስ
ሩብ ሰዓት ቆረጥሁኝ፣ ደንቡን ሳላፈርስ።
አየችኝ። ምንም አላለችኝ።
ጥላቻዋ አድራሻ ነበረው፤ እኔ ነኝ።
የዚያን ዕለት ማታ ብስክሌቴ፣ ጎማው ተተልትሎ፣
አገኘሁት ወድቆ፣ ከግንቡ ሥር ተጥሎ።

በዓመቱ አድማ መቱ፤ በሩን ቆለፉብን፣
በርሜል እሳት ከበው ስድብ ገጠሙብን።
"ይውረድ!" የሚሉትን አንጋጠው ያዩታል፤
ከላይ መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ ኋላ ሰውዬው ይታያል።
ሦስት ሳምንት በብርድ… ውሉ ተሻሻለ፤
"ልጅ ለታመመባት ሁለት ቀን" ተባለ።

ኋላ ግን ማሽኑን ነቅለው ጫኑት በመርከብ፣
እጅ ወደ ረከሰበት፣ ወደ ሩቅ ወደብ።
ቅጥሩን አፈረሱት፤ ቅጥርም አብሮ ፈረሰ፤
ድሩ ተተረተረ፣ ውሉ ተበጠሰ።
የሸማኔው ሳል ያደረበት አዳራሽ
በካሬ ሜትር ተሸጠ፣ ለሀብታም ወራሽ።
ያቺን ብረት ሌባ ሙዚየም ሰቀሏት፤
ካርድ ያጎርሱ ጀመር ተማሪዎች፣ ሊስቁባት።

ዛሬ ሰባ ስምንቴ። ጉልበቴ ደረጃ ፈራ፤
በስልክ ሾርባ አዘዝሁ፣ ከቁራሽ ዳቦ ጋራ።
ስልኩን ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ፍሌር ናት፤
መጋዘን ትውላለች ሲጠሯት፤ ካልጠሯት፣ እቤት።
ካርታው ላይ አንዲት ነጥብ፣ ሰማያዊ፣ ትንሽ፣
በዝናቡ መሐል ስትቀርብ፣ ስትሸሽ…

ደወለ። ከፈትሁኝ። ውሃ ያንጠባጥባል፤
ጀርባው ላይ ያለው ሣጥን ከራሱ ይበልጣል።
ሠላሳን አልፎታል። ያ ቅንድብ! ያ ግንባር!
"የማን ልጅ ነህ?" አልሁት፣ ምላሴ ሲተሳሰር።
"ሉትጋርድ ናት እናቴ፤ ያውቋታል?" አለና
አቀረቀረ ወደ ስልኩ፣ ጥሪ መጥቷልና።
"ግባ፣ ትንሽ ሙቅ።"
"አልችልም፤ ይቆጥራል።"
"ማነው የሚቆጥረው?"
ትከሻውን ሰበቀ።
"የራሴ አለቃ እኔው ነኝ፤ ውሉ እንዲህ ይላል" ብሎ ሳቀ።

አለቃም አለቀ!
ለእናቱ እኔ ነበርሁ፤ ለሱ ማን አለለት?
ጎማ እንዳይተለትል፣ ብስክሌቷ የሱ ናት።
አድማ እንዳይመታ፣ የሚቆለፍ በር የለም፤
አንጋጦ እንዳይሰድብ፣ ሰማይ እንጂ መስኮት የለም።
ደሙ አለ፣ ወዙም አለ፣ ከዝናብ ተቀላቅሎ፤
ደመወዙ ግን ፍርፋሪ፣ በየጉዞው ተከፋፍሎ።
ብራስልስ ላይ አዲስ ሕግ ረቀቀ ይላሉ፤
ረቆ ረቆ እንዳይቀር፣ ሳይደርስ ከአካሉ።

ሄደ። ስልኬ በራ፦
"አራት ደቂቃ ዘግይቷል። ስንት ኮከብ ይሰጡታል?"
አምስት ባዶ ኮከብ ጣቴን ይጠብቃል።
አራት!
ያኔ ደቂቃ ቆጣሪ፣ ዛሬ ኮከብ ቆጣሪ፤
በአንድ ቤት ጉሮሮ ላይ ሁለት ጊዜ መስካሪ።
አምስቱንም ነካሁ፤ በተራ በተራ በሩ፤
የእናቱን ሩብ ሰዓት ግን አልመለሱ ከደብተሩ።

"አስተያየት ካለዎት…" ከሥር ባዶ ሣጥን አለ፤
ጣቴ ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ተንጠለጠለ።
"ያ ልጅ፣ ያ ትኩሳቱ፣ በረደለት?" ብዬ ላክሁ፤
"ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" የሚል መልስ አገኘሁ።