ያለ ክር

ሠላሳ ክረምት ነው በርኖስ ስሰፋ፣
ከመሐል ሜዳ ውርጭ እጄ እየተላፋ።
የማምነው ክርን ነው፤ የተቀደደ ሁሉ
ተወግቶ ነው የሚድን፣ ይህ ነው ለኔ ውሉ።

ፍሬሰላም ልጄ፣ አምስት ዓመት ያልሞላት፣
«ጠመኔ አቀብይኝ» ብዬ ገና ብልካት
ቁራጭ ጨርቅ ረግጣ ሸርተት እንዳለች
በካውያው ጠርዝ ላይ በቅንድቧ አረፈች።
ደሟ ያላለቀ በርኖስ ላይ ፈሰሰ፣
የአቶ ጓንጉልን አዲስ አንገትጌ አራሰ።

በጭጋጉ መሐል አቅፌያት ስሮጥ
«ስንት ስፌት ይሆን?» እያልሁ ስቀልጥ…
መርፌን አውቀዋለሁ፤ ባናን እንኳ ሲያልፍ
ድምፁ ይሰማኛል፣ ጥርስ እንደሚያፋጭ አፍ።

ሲስተር አበሩ ግን መርፌም አላነሣች፤
አጥባ፣ ተጭና ይዛ ደሙን አስታገሠች፣
ከዚያ ጣት የማታህል ብልቃጥ አወጣች።
«ይህ ምንድን ነው?» አልኋት። «ሙጫ ነው» አለችኝ።
«ሙጫ! የጫማ ነው?» ሳቅም ቁጣም ያዘኝ።
«የጫማውን ተወው፣ እሱ ይመርዛል፤
ይኼ የቆዳ ነው፣ ለንጹሕ ቁስል ይበቃል።
አንተ ራሷን ያዝ፣ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ።»

የቁስሉን ከንፈሮች በጣቶቿ ገጠመች፣
ወደ ውስጥ ሳታስገባ ከላይ ከላይ ቀባች፣
አንዴ፣ ደግማ፣ ሠልሳ፤ ሳትነካው ጠበቀች።
በልቤ ግማሽ ኪስ ሰፍቼ ሳላበቃ
«አባዬ» አለች ፍሬ፣ «ይኸው ነው? በቃ?»

ፌጦ የወቀጠ፣ ቅቤ ያነጠረ
ጎረቤቴ ሁሉ ደጄ ላይ ታጠረ፤
«ቅባት ይፈታዋል፣ እንዳትነካኩት»
ብላኛለችና ሁሉንም መለስኩት።
ሌሊት ግን በባትሪ አየዋለሁ ነቅቼ፣
ይተረተር ይሆን እያልሁ ፈርቼ፤
ቋጠሮ የሌለውን አምኜ ተኝቼ
አላውቅማ።

በዘጠነኛው ቀን ከትራሷ ላይ
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነገር ብናይ
እሱ ነበር፣ ሥራ ጨርሶ የወደቀ፤
ከሥሩ ያለው ቆዳ በራሱ ተጣበቀ።
ሙጫው አላዳነም፤ ሥጋ እስኪተዋወቅ
ይዞ ብቻ ነበር። የኔ ክር ቢወልቅ
ጨርቅ ለዘላለም እንደተከፈተ ነው።

አሁን ቅንድቧ ላይ አንዲት መስመር አለች፣
ከመቁረጤ በፊት በጠመኔ እንደማሰምራት የቀጠነች።
የአቶ ጓንጉል በርኖስ ደሙ አልለቅ ብሎት
አንገትጌውን ቀየርሁ፣ አርባ ሁለት ስፌት።
ሲወስድ አገላብጦ «ይኼስ ምንድን ነው?» አለ፣
ስፌቱ ጎልቶበት።
እሷን ግን ፀሐይ ላይ አቅርቤ ስመለከት
መርፌ የገባበት
አንድ ቀዳዳ አጣሁ።