ሃያ አምስት ፊደል

ከስክሪኑ ግርጌ፣ ከቀኝ በኩል ጥጉ፣
ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ፦ «አክቲቬት ያድርጉ»።
በጨርቅ ጠረግሁት፣ አቧራ መስሎኝ፤
እሱ ግን ከቦታው ንቅንቅም አላለኝ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስኳ ተቃጥሎ፣
ያፌት ነው ያዳናት፣ አዲስ ዲስክ ተክሎ።
መዝገቡ ተርፎልን፣ ተመስገን ለጌታ፤
እሷ ግን ከዚያ ወዲህ
«ማነሽ?» ትለኛለች ጠዋትም ማታም፣ ማታ።

መዝገቡ የዕድር ነው።
ስንት ድንኳን አለን፣ ስንት ወንበር ጎሎ፣
ማን ለቅሶ ቀርቶበት፣ ማን ቅጣቱን ከፍሎ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አባባ ጻፈበት፤
መጀመሪያ በደብተር፣ ኋላም በላፕቶፕ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎት።
አርባው ባለፈ ማግስት
ዕድሩ «ቀጥዪ» አለኝ። እሺ አልሁ፤ ቀጠልሁት።

ያፌት፣ ፍላሹን እንደ ማተብ ካንገቱ ያሰረ፣
«ቀላል ነው» እያለ ሊሰካው ቀሰረ፦
«ክራክ አለኝ፣ ትርሲት፤ መቶ ብር ነው በቃ፤
ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ፣ በአምስት ደቂቃ።»

ቆይ እስቲ፣ አልሁት፤ ቆይ! የኛ እኮ ተገዝቷል።
አባባ ከፍሎበታል።

የማዘጋጃ ቤቱን የሁለት ወር ደሞዝ፣ በደረሰኝ ቆጥሮ፤
እሪ በከንቱ እስከ ድልድዩ ድረስ ስቆበት፣ ሲስቅ አድሮ፦
«ሲዲው በአሥር ብር ከመንገድ ሳይታጣ፣
ወንዳፈራሽ ብቻ አየር ገዝቶ መጣ!»
እኔም ስቄያለሁ፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣
ማፈር የጀመርሁ ለት በገዛ አባቴ።
እሱ መልስ አልሰጠም። አንድ ምሽት ብቻ ነው ያለኝ ለብቻዬ፦
«የሰው የቀብር ገንዘብ
በተሰረቀ ብዕር አይጻፍም፣ ልጅዬ።»

ገለበጥናት በሆዷ። ከሥሯ ወረቀት፣
ሃያ አምስት ፊደል፣ አምስት ባምስት ሆኖ በሰረዝ የተያያዘ ቤት።
የመጀመሪያው አለ፣
ሁለተኛው አለ፣
ሦስተኛው ላይ ግን የጉልበቱ ሙቀት፣
የዓመታት ሱሪው ሰበቃ፣ አጥቦ አጥቦ በልቶት፣
ቢ ትሁን ስምንት፣
ጂ ትሁን ስድስት።

በስልክ መብራት አየን፤ በጥፍር ዳበስናት።
«ቢ ናት» አለኝ ያፌት። «ስምንት ናት» አልሁት።
ሞከርን። «ትክክል አይደለም።»
ሞከርን። «ትክክል አይደለም።»
ያፌት ወደ ኮርኒሱ አየ፤ ምንም አልተናገረም።

ደወልሁ ደግሞ። ማሽን ነው ያነሳው፤ ቁጥር ንገሪኝ አለኝ፣
ዘጠኝ መደብ ቁጥር።
ስድስተኛው ላይ ስደርስ ሒሳቤ አልቆ መስመሩ ጣለኝ።
ይኸው ነው እንግዲህ፤
በሰፈሬ ስም ስንት ጊዜ ቀልጄ፣
ዛሬ ገና ገባኝ፣ እሪ ብዬ፣ ስልኬን ይዤ በእጄ።

«አየሽ» አለ ያፌት፣ ሻዩን እየማገ፣
«የገዛ ነው የሚጠየቅ፤
እኔ የጫንሁለት ማን ምን ተፈለገ?»
መልስ አጣሁለት። እውነቱን ነው።
ደረሰኙን ፈለግሁ፣ ከሣጥን፣ ከቁም ሣጥን፣ ከመጽሐፍ መሃል፤
የውኃ ደረሰኝ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የቀበሌ ኪራይ፣
ሁሉን ያስቀመጠ ሰው ይህን የት ጥሎታል?

ዛሬ እሑድ ነው፤ አባላቱ ይገባሉ፤
«እንኪ፣ ሃያ አምስት» ይላሉ።
እጽፋለሁ፦
እትዬ ፋናዬ — ከፍለዋል።
ጋሽ ደምመላሽ — የሰኔ ይቀራል።
ወደ ላይ ስመለስ፣ ወዳለፈው ዓመት፣
የአባባ ስም አለ፣ በገዛ ጣቱ የመታት፦
«ወንዳፈራሽ ጫኔ — ከፍሏል።»
በየወሩ፣ በየወሩ፤
ያ ግራጫ ጽሑፍ ደግሞ እንዳለ ነው ከሥሩ።

ፍላሹ ጠረጴዛው ላይ ነው።
ያፌት ረስቶት ይሁን አውቆ ትቶት፣
እስካሁን አልጠየቅሁት።