ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ

አባታችን ልየው ትተውልን ያለፉት አንዲት አልፋ፣
ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ቀይ ቀለሟ የጠፋ፤
ሽምብጥ፣ ሐይቁ ዳር፣ እንደ ታንኳ ተደፍታ
አሥራ አንድ ክረምት የከረመች በቆርቆሮ ጠብታ።
«ትሸጥ» አለች እህቴ። «አትሸጥም» አልኩ እኔ።
ከዚያ ወዲህ በመሀላችን ሰላምታም ቀረ፣ ወገኔ።

ብቻዬን ከፈትኳት።
የፍሬኗ ዘይት ጉሽ ጠላ መስሏል በመልክ፣
የጣናን እርጥበት ሲጠጣ ኖሮ፣ በየሌሊቱ፣ ልክ
ሰው ቅያሜ እንደሚጠጣ፤
ሲግል ውሃው ፈልቶ ፔዳሉን ባዶ ሊያደርግ፣ ጉድ ሊያመጣ።
የካሊፐሩ ፒስተን ዝጎ ከቤቱ ተጋብቷል፤
ጎሚኒው እንደ ቋንጣ ደርቆ በጣቴ ይፈረፈራል፤
ዲስኩ ደግሞ ተበልቶ፣ ጠርዙ እንደ ሳህን ከንፈር አውጥቷል።
ዳበስኩት።
የጢስ አባይ ኮረኮንች፣ የዘጌ መገንጠያ፣ የበዛዊት ቁልቁለት፣
አባባ የቆሙበት ሁሉ እዚያ ብረት ላይ አለ፣ የጎደለበት።

ቢምረው ከገበያው ጀርባ ቶርኖ ቤት አለው።
ዲስኩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እንደ ደረቀ ቂጣ አየው።
«ይሄ ለዱሮ መንገድ ነው፤ ያኔ አህያ ነበር የሚያቋርጥ፣
ዛሬ ባጃጅ ነው፤ አህያ እንኳ አይቶ ነው የሚሮጥ።»
ከተገለበጠች መኪና ላይ ሰፊ ዲስክ ፈታልኝ፣
መሀሉ ነፋስ የሚያሳልፍ። ማሰሪያውን ከላሜራ ቆረጠልኝ፣
ለካ፣ ሞረደ፣ ተሳደበ፣ እንደገና ለካ።
ቱቦው በሽቦ የተጠለፈ ሆነ፤ ሸራው አዲስ፤ ዋጋውም ተነካ።
ስከፍለው እንዲህ አለ፣ ብሩን ሳይቆጥር፣ ወደ በሩ እያየ፦
«ሞተር ያጠነከረ ይፎክራል፤ ፍሬን ያጠነከረ ቤቱ ይገባል።»

የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው።
እሱ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳል ላይ፣ አንዱ ከጎማው ስር።
እሑድ ነበር። ረዳት የለም። አንጓች መጣች፣ የግቢውን ቁልፍ ፍለጋ።
ቆማ አየችኝ። መሬት ላይ ተኝቼ፣ አሥራ አንድ ቁልፍ በእጄ፣ ጠርሙስ በደረቴ።
የባንክ ጫማዋን አወለቀች።
ሳትናገር ገባች።

ከሩቁ ጎማ ይጀመራል።

«ርገጪ።»
«ረገጥኩ።»
«ያዢ።»
«ያዝኩ።»
በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አረፋ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ አረፋ።
«ልቀቂ።»

በሁለት ዓመት ያወራነው ይህን ነው።
ሁለተኛው ጎማ። ርገጪ። ያዢ።
ሐይቁ ላይ የጀልባ ሞተር ይነሳል፣ ይጠፋል።
ሦስተኛው ላይ ድምጿ ከላይ መጣ፣ ያልታዘዘ፦
«የዚህ ፔዳል ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ነው ያለቀው።»
ዝም አልኩ።
«በተረከዝ ነበር የሚረግጡት። ጣታቸውን ያማቸው ነበር። አታውቅም?»
አላውቅም ነበር።
ቁልፉን ሳልዘጋ ቆየሁ፤ ዘይት በክንዴ ወርዶ ብብቴ ገባ።
አራተኛው ላይ ጠራ። እንደ ማር ውሃ ወረደ፣ አንድም አረፋ የለ።
«ጠነከረ» አለች። «እንደ ድንጋይ።»

ከወንበሩ አልወረደችም፤ እኔም ውረጂ አላልኩ።
በዛዊትን ወጣን። አዲስ ሸራና ዲስክ ወዲያው አይዋደዱም፤
ቀስ፣ ደግሞ ቀስ፣ ይተሻሻሉ ብዬ መከርኳት።
ቁልቁል ስንመለስ አባይ ከታች እንደ ተቀደደ ነጠላ ተዘርግቶ፣
ከጥምዙ ጀርባ ባጃጅ፣ ሸንኮራ እስከ ጣሪያው ጭኖ፣ መሀል መንገድ ይዞ
ብቅ!

ረገጠች።
አልጮኸችም፣ ወደ ግራ አልጎተተችም። አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ቀጥ አለች።
አንድ ሸንኮራ ብቻ ኮፈኑ ላይ ወደቀ።
ባለ ባጃጁ እናታችንን ሰድቦ አለፈ።

የጋለ ብረት ይሸታል። እሷ መሪውን ይዛለች፣ በሁለት እጅ።
«ልቀቂ» አልኳት።
«ቆይ» አለች። «ትንሽ ልያዘው።»